ቃጠሎ በኮንዶሚኒየም፦ መከላከልና የመውጫ ዕቅድ

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ተስፋፍቷል። በብዛት የሚታየው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ሊፍት የለውም፤ በእሳት ጊዜ መውጫው ደረጃው ብቻ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ስለሆነ እሳቱ ከቤት ወደ ቤት ለመዛመት ጊዜ ይወስድበታል። ቀድሞ የሚደርሰው ጭሱ ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ራሱን ሊስት ይችላል።

የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይስባል። በቀጭን ገመድና በማከፋፈያ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋ ተሰክቶ የተረሳ ምድጃም ሰው በሌለበት ቤት መብራቱ ሲመጣ እንደገና ይግላል። የጋለ ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ መድፋት እሳቱን ወደ ጣሪያ ይሰደዋል፤ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳኑ መግጠም ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን በሩ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ሌባን ፈርቶ ከበሩ ፊት የብረት ፍርግርግ ያስገጥማል፣ መስኮቱንም እንዲሁ። ማታ ሁለቱም ይቆለፉና ቁልፉ በእናት ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ቁም ሣጥን ውስጥ ያድራል። መብራት በሌለበት፣ ዓይን በሚያቃጥል ጭስ ውስጥ ያንን ቦርሳ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈራል። ቁልፉ በበሩ አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ሚስማር ላይ፣ ሕፃናትም በሚያውቁት ቦታ ይሰቀል። ቢያንስ አንዱ የመስኮት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

ደረጃው ላይ የከሰል ጆንያ፣ የጫማ መደርደሪያና አሮጌ ፍራሽ ተከማችቶ ማየት የተለመደ ነው። ጎረቤት እንዳይቀየም ተብሎ ዝም ይባላል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን የጋራ ንብረት ስላደረገው የባለቤቶች ማኅበሩ ማስነሳት ይችላል፤ ማስነሳትም አለበት።

መውጣት ወይስ መቆየት? ሎንዶን ውስጥ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በተቃጠለው ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል ታወር፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦችም ይኖሩበት ነበር፤ 72 ሰዎች ሞተዋል። ለነዋሪዎች በቅድሚያ የተሰጠው ምክር «ቤታችሁ ቆዩ» የሚል ነበር፤ የሕንፃው የውጭ ሽፋን እሳቱን ሲያዛምት ግን ምክሩ ዋጋ አጣ። በኮንዶሚኒየም እሳቱ የተነሳው በራስ ቤት ከሆነ ዕቃ ሳያነሱ መውጣትና በሩን ዘግቶ መሄድ ነው፤ የተዘጋ በር ጭሱን ያግዳል። በር ከመክፈት በፊት በእጅ ጀርባ ይነካል። ከጋለ ወይም ደረጃው በጭስ ከተሞላ በሩን ዘግቶ፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ደፍኖ፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ነጭ ጨርቅ ማውለብለብ ይሻላል። ጭስ ውስጥ ማለፍ ግድ ከሆነ በጉልበትና በእጅ መዳህ ነው፤ ንጹሕ አየር የሚቀረው ከወለሉ አጠገብ ነው።

የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ነፃ ስልክ 939 ነው። ደዋዩ ሳይቱን፣ የብሎክ ቁጥሩን፣ ፎቁንና በአቅራቢያው ያለውን ታዋቂ ምልክት ይናገር፤ አንድ ወጣት ደግሞ መኪናውን ለመምራት አስፋልት ድረስ ይሩጥ። በመግቢያው የቆሙ መኪኖች ይነሱ።

ከደረጃ መውረድ የማይችሉትን አዛውንቶችና የአልጋ ቁራኞች ከማንም በላይ የሚያውቀው እድሩ ነው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጎረቤት አስቀድሞ ቢመደብ፣ መሰብሰቢያውም አንድ የታወቀ ቦታ ቢሆን፣ ማን እንደቀረ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። ልጆች ሲደነግጡ አልጋ ሥር ይደበቃሉ። ስለዚህ አንድ ምሽት መብራት አጥፍቶ፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳበሱ እስከ በሩ አብሮ መሄድና ቁልፉን ራሳቸው እንዲያወርዱት ማድረግ ያስፈልጋል።