«የተመረጠ ተመርጧል፣ እኔ ምን አገባኝ?»

እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር ሰዎችን ለመዳን መርጧል የሚለው ትምህርት ከተነሳ ጨዋታው ወዲያው ይጦፋል። ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«የአርባ ቀን ዕድል ማለት ነው።» ብዙዎቻችን የምንደናገረው እዚህ ላይ ነው። በአርባ ቀን ዕድል ሥራ ማጣቱም፣ ያልቀና ትዳሩም ይሳበባል። ኤፌሶን 1 ግን ስለ ኑሮ ዕጣ አያወራም። «በክርስቶስ» ተመረጣችሁ ይላል፤ ዓላማውም ቅዱሳንና ነውር የሌለባቸው እንዲሆኑ ነው። ሎተሪ አልደርስህ ስላለ አልተመረጥክም ማለት አይደለም!

«ካልቪን የፈጠረው ነው።» ካልቪን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞት የቤተ ክርስቲያን መምህሩ አውግስጢኖስ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ መልካም መሆን ይችላል ይሉ ከነበሩት ከጵላግዮስና ከተከታዮቹ ጋር ስለ ጸጋና ስለ ምርጫ ተሟግቷል። ስለ ምርጫና ስለ መዳን የሚናገሩት «አምስቱ የካልቪን ነጥቦች» የሚባሉትም ካልቪን ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ በዶርት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ እግዚአብሔር የሚመርጠው ያምናሉ ብሎ አስቀድሞ ያወቃቸውን ነው ይሉ ለነበሩት ለአርሚንዮስ ተከታዮች የተሰጠ መልስ ናቸው።

«ምርጫን የሚቀበል ሁሉ፣ ለሲኦልም የተመረጡ አሉ ይላል።» አይልም። ሉተራውያን እ.ኤ.አ. በ1577 ባጸደቁት የእምነት መግለጫ ለመዳን መመረጥን ተቀብለው ለጥፋት መመረጥን አልተቀበሉም።

«ከተመረጡማ ስብከት ለምን?» ጳውሎስ ቆሮንቶስ እያለ ጌታ በራእይ «አትፍራ፣ በዚህ ከተማ ብዙ ሕዝብ አለኝ» አለው (ሐዋ. 18)። ታዲያ ጳውሎስ «እንግዲያው የእኔ ድካም ምን ያደርጋል?» ብሎ አረፈ? ዓመት ከስድስት ወር እዚያው ተቀምጦ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1793 ለወንጌል ብሎ ህንድ የወረደው ዊልያም ኬሪም በምርጫ የሚያምን ባፕቲስት ነበር።

«የተመረጠ ከሌላው ይበልጣል።» እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ዘዳግም 7 እስራኤልን «የተመረጣችሁት ስለበዛችሁ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ ታንሱ ነበር» ይላል። አሞጽ ደግሞ ይብሳል። ምዕራፍ 3 ላይ እናንተን ብቻ ስለማውቅ በኃጢአታችሁ የምቀጣው እናንተን ነው ይላል። መመረጥ እንዲህ ዕዳ አለበት። ምዕራፍ 9 ላይ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይላል። እኛ ይቺን ጥቅስ ስንወዳት! የምናነሳት ግን ራሳችንን ለማሞገስ ነው፤ ነቢዩ የተናገራት ደግሞ «እኛ የተመረጥን ነን» ብለው የተኮፈሱትን ለማውረድ። እናንተን ከግብፅ እንዳወጣሁ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣሁ እኔው ነኝ ይላቸዋል፣ በዚያው ቁጥር።