ሳተላይትን በቴሌስኮፕ መከታተል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሳተላይት ብልጭ ድርግም ሲል ይታወቃል።» ብልጭ ድርግም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ነው። ሳተላይት ለዓይናችን የሚደርሰው የፀሐይን ብርሃን ሲያንጸባርቅ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ይታያል። ሥራ አቁሞ የሚገላበጥ የሮኬት አካል ግን ሊፈካና ሊደበዝዝ ይችላል።

«ሌሊቱ በገፋ ቁጥር የተሻለ ይታያል።» ይህ ስህተት ብዙ ሰው በከንቱ ብርድ ላይ ያቆማል። እኛ ጨለማ ውስጥ፣ ሳተላይቱ ደግሞ ገና በፀሐይ ብርሃን ውስጥ መሆን አለበት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በአዲስ አበባ አናት ላይ ሲያልፍ የሚታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት 80 ደቂቃዎች ገደማ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የምድር ጥላ ይውጠዋል። ንጋት ላይም እንዲሁ አጭር ዕድል አለ። ለንደን ያለ ሰው ግን በሰኔ እኩለ ሌሊትም ሊያየው ይችላል፤ እዚያ በዚያ ወቅት ፀሐይ ከአድማስ በታች ብዙ አትወርድም።

«ማጉላት በጨመረ ቁጥር ይሻላል።» ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው በዋናነት ይህ ነው። ጣቢያው በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ አናት ላይ ሲደርስ በአንድ ሰከንድ የሁለት ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ሰማይ ያቋርጣል። በ100 እጥፍ ማጉላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጨረቃ እምብዛም የማይሰፋ ሰማይ ነው የሚታየን። ስለዚህ ዝቅተኛውን ማጉላት ይምረጡ፤ ከኋላ አያሳድዱት፣ መንገዱ ላይ ቀድመው ይጠብቁት። 109 ሜትር የሚረዝመው ይህ ጣቢያ በቴሌስኮፕ ሲታይ ከፕላኔቷ ጁፒተር ስፋት ጋር ይቀራረባል፤ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹም ሊለዩ ይችላሉ። ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት በገዛ ዓይን ማየት ለእኔ ምንም የማይተካው ደስታ ነው።

«ሳተላይት ሁሉ ይሮጣል።» የጣሪያችን ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ ለምን አይዞርም? የሚመለከተው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ነው። ሌንሱ ወይም መስታወቱ ሰፋ ያለ ቴሌስኮፕ ወደዚያ አቅንተው ከዋክብትን የሚከተልበትን ሞተር ያጥፉት። ከዋክብቱ ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ፤ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ግን ቦታዋን አትለቅም። እሷ ናት።

«የአማተር ምልከታ ለሳይንስ አይረባም።» እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ሲመጥቅ፣ በአሜሪካው የሳይንስ ተቋም በስሚዝሶኒያን ሥር የተደራጁት የ«ሙንዋች» (Moonwatch) በጎ ፈቃደኞች በትንንሽ ቴሌስኮፖች ምሕዋሩን፣ ማለትም ምድርን የሚዞርበትን መንገድ፣ ለማስላት ረድተዋል። ዛሬም ሥራው ያው ነው፦ ሳተላይቱ በሚታወቁ ሁለት ከዋክብት መካከል ያለፈበትን ቅጽበት መመዝገብ። የአንድ ሰከንድ ስህተት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ለሌንሱ ከመጨነቅዎ በፊት ሰዓትዎን ያስተካክሉ።