«የደረት ቁመት» ማለት የማን ደረት ነው?

በትልልቅ ዛፎች መዝገብ ላይ «በደረት ቁመት የተለካ» የሚለው አገላለጽ ብዙዎችን ያደናግራል። የለኪው ሰው ደረት ማለት ሳይሆን ከመሬት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቋሚ ቦታ ነው፤ አሜሪካውያን ግን 1.37 ሜትርን ይጠቀማሉ። ግንድ ከሥሩ አጠገብ ስለሚሰፋ፣ ሁሉም ሰው አንድ ከፍታ ላይ ካልለካ የሁለት ዛፎችን ግዝፈት ማወዳደር አይቻልም።

ጎንደር ተዳፋት የበዛባት ከተማ በመሆኗ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ከየትኛው ወገን ይለካ? መልሱ ከዳገቱ በኩል ነው። በዚያ ከፍታ ሜትሩ ሳይላላ በግንዱ ላይ ይዞራል። የአንድ ጽድ ዙሪያ 314 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ 100 ሴንቲሜትር ይሆናል። ዙሪያውን በዲያሜትር ቦታ የሚጽፍ ሰው ዛፉን ከሦስት እጥፍ በላይ ያገዝፈዋል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ የትኛው እንደሆነ መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

በፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ሥራቸው እንደ ገመድ ተጠላልፎ ድንጋዩን ያቀፈ ዛፎች ግን ለዚህ ደንብ አይመቹም። ሥሩን ከግንዱ ጋር አንድ ላይ አዙሮ መለካት ስሕተት ነውና፣ የተለካበት ከፍታና ምክንያቱ ተጽፎ፣ ፎቶግራፍም ተያይዞ ለብቻ ቢመዘገቡ ይሻላል።