ነጭ ሸሚዝና ጌጣጌጥ፦ ሲነገር የኖረውና እውነታው

ነጭ ሸሚዝን የጎዳው መልካም ስሙ ነው። «ጊዜ አያልፍበትም፣ ከሁሉም ጋር ይስማማል» ስለሚባል ሰው ሳያማርጥ ይገዛዋል፣ እንደ ነገሩ ያጥበዋል፣ በእጁ ያለውን ጌጥ ሁሉ ይደረድርበታል። ሳያምርበት ሲቀር ታዲያ ሸሚዙ ምን አጠፋ?

«ድሮም የክብር ልብስ ነበር።» አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሸሚዝ የውስጥ ልብስ ነበር፤ ሥራው ላብ መምጠጥና ውዱን የላይ ልብስ ከገላ መጠበቅ ነው። ለዓይን የሚጋለጡት ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ብቻ ነበሩ። ክብሩም የመነጨው ከእነዚሁ ጠርዞች ነው፤ ሁልጊዜ ነጭ አድርጎ ማቆየት የሚችለው አጣቢና በቂ ቅያሪ ያለው ሰው ነበርና። በ1783 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በስስ ነጭ የሙስሊን ቀሚስ የተሳለችበት ሥዕል ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ሲታይ፣ ንግሥቲቱ በውስጥ ልብስ ቀረበች ተብሎ ጉድ ተባለ፤ ሥዕሉም ተነሥቶ የሐር ቀሚስ በለበሰችበት ሌላ ሥዕል ተተካ።

«ነጭ ያው ነጭ ነው።» ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ እምነት ይመስለኛል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ አለ፤ ወደ ክሬም የሚያደላም አለ። ብዙ ጨርቆችና የልብስ ሳሙናዎች የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን የሚመልሱ ኬሚካሎች አሉባቸው፤ ሸሚዙ በፀሐይ «የሚያበራው» በዚህ ምክንያት ነው። ቢጫ ወርቅ እንዲህ ባለው ነጭ ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ ክሬም ላይ ግን ይለዝባል። ሁለቱም ያምራሉ፤ የሱቅ አምፖል ግን ልዩነቱን ይደብቃል። ሸሚዙን ወደ መስኮት ወስዶ ፊት አጠገብ መያዝ ነው። እዚያው እያሉ እጅን ከጨርቁ ሥር ማስገባት ይጠቅማል፤ የቆዳው ቀለም ወለል ብሎ ከታየ የኪሱም የስፌቱም ትርፍ ይታያል፤ ያን ጊዜ ምንም ዓይነት ጌጥ አያድነውም።

«ሸሚዙ ባዶ ስለሆነ ጌጥ ይብዛበት።» ባዶ አይደለም። ኮሌታ አለው፣ የቁልፍ መደዳ አለው፣ የእጅጌ ጫፍ አለው፤ ጌጡ ቦታ የሚያገኘው በእነዚህ መካከል ነው። ሁለት ቁልፍ ሲከፈት ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር የሚሆን ቀጭን ሐብል አንገት ሥር ባለችው ጎድጓዳ አካባቢ ያርፋል፤ ከበስተጀርባው ቆዳ እንጂ ጨርቅ ስለሌለ ይታያል። ትንሽ ሲረዝም ግን ጫፉ ከተዘጋው ቁልፍ ሥር ይገባና ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱት መዋል ነው። ከ60 በላይ የሆነው ከሸሚዙ በላይ ይውረድ። ኮሌታው እስከ ላይ ከተቆለፈ ሐብሉን ትቶ ጉትቻ ማድረግ ይበቃል። እጅጌው ወደ ላይ ከተጠቀለለ ደግሞ የአምባር ተራ ነው።

«ወርቅና ብር አብሮ አይደረግም።» የፈረንሳዩ ጌጥ ሠሪ ካርቲዬ ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ ቀለም ያላቸው ሦስት ክቦች የተጠላለፉበትን ቀለበት በ1924 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ዛሬም ይሸጠዋል። ክርክሩ በዚያው ማብቃት ነበረበት።

«ለትልቅ ግብዣ አይመጥንም።» የሆሊውድ ተዋናይቷ ሻሮን ስቶን በ1998 እ.ኤ.አ. በኦስካር የፊልም ሽልማት ላይ የባሏን ሸሚዝ፣ ያውም ጋፕ ከሚባለው ተራ የልብስ መደብር የሆነውን፣ ከዲዛይነር ቬራ ዋንግ ረጅም ጉርድ ጋር ለብሳ ቀርባለች።

«እውነተኛ ሉል ከባሕር በአጋጣሚ የተገኘው ብቻ ነው።» ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ በ1893 እ.ኤ.አ. ግማሽ ክብ ሉል በማልማት ከተሳካለት ወዲህ ገበያውን የያዘው በእርባታ የሚገኘው ነው፤ እሱንም የምትሠራው ያችው በቅርፊት ውስጥ የምትኖር የውኃ ፍጥረት ናት፤ ሰው የሚያደርገው ሥራውን ማስጀመር ብቻ ነው። ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለሽቶ ነው። ሉል ለስላሳ ስለሆነ ሽቶና ላብ ያደበዝዙታል። ሽቶው ይቀባ፣ ሸሚዙ ይለበስ፣ ሉሉ በመጨረሻ ይታሰር፤ ሲወልቅም በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል።

«ቢጫ የሆነን ነጭ በረኪና ያድነዋል።» አብዛኛውን ጊዜ ያባብሰዋል። የብብት ቢጫነት በብዛት የሚመጣው ላብ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ከላብ ጋር ሲዋሐድ ነው። በረኪና ይህን እድፍ በደንብ አያስለቅቅም፤ ሸሚዙ ፖሊስተር ወይም የሚለጠጥ ክር ካለበት ደግሞ እሱ ራሱ ቢጫ ያደርገዋል። ክሎሪን በሌለበት፣ በኦክስጅን በሚሠራ ማንጫ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት ይሻላል። እድፉ ሳይለቅ ካውያ አይነካው፤ ሙቀት ያጸናዋልና። በረኪና የግድ ካስፈለገ ደግሞ ቀለበት ይውለቅ። የ18 ካራት ወርቅ 75 በመቶው ብቻ ነው ንጹሕ ወርቅ፤ ቀሪው እንደ መዳብና ብር ያለ ቅይጥ ሲሆን በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የሚያጠቃው ይህንኑ ነው። ቀስ በቀስ ይሰነጣጥቀዋል፤ ፈርጡን ጨብጠው የያዙት ቀጫጭን ጥፍሮችም ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው።