ካሴት ውስጥ ያለው ሁለተኛ ማሽን፦ ልዩ ቺፕ ያላቸው የድሮ ጌሞች በእጅ መሣሪያ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለቴሌቪዥን ጌም ማሽኖች ከተሠሩት ካሴቶች አንዳንዶቹ የጌሙን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚያሰላ ቺፕ ጭምር ይዘው ይሸጡ ነበር። እነዚህን ጌሞች ዛሬ በስልክ ወይም በእጅ በሚያዝ የጌም መሣሪያ ላይ በኢሙሌተር ማጫወት፣ ማለትም የድሮውን ማሽን ሥራ በሶፍትዌር አስመስሎ ማሠራት፣ ከሌሎቹ የድሮ ጌሞች ይልቅ ይከብዳል፤ ኢሙሌተሩ ማስመሰል ያለበት አንድ ማሽን ሳይሆን ሁለት ነውና። ጅማ ውስጥ እነዚህን ጌሞች የማውቃቸው በካሴት ሳይሆን በሚሞሪ ካርድ ነው። በከተማው መርካቶ አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች በአንዱ ጌም ያስጫነ ልጅ በማግስቱ ተመልሶ «ይሄኛው ይጎተታል፣ ሌላ ጫንልኝ» ሲል፣ ጫኙም ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ያንኑ ጌም እንደገና ሲጭንለት አይቻለሁ። ፋይሉ ደህና ነበር። ጌሙ ዮሺስ አይላንድ የተባለው፣ ካሴቱ እንዲህ ያለ ቺፕ የያዘ የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል።

የኒንቴንዶ ኩባንያ የቴሌቪዥን ጌም ማሽን የሆነው ሱፐር ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓን ውስጥ ሱፐር ፋሚኮም በሚል ስም ሲወጣ፣ ዋናው ፕሮሰሰሩ ቢበዛ በ3.58 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ በጊዜው ሚዛን እንኳ ፈጣን የማይባል ነበር። ኒንቴንዶ ማሽኑን ከማስወደድ ይልቅ ብዙ ስሌት የሚፈልግ ጌም ጉልበቱን በካሴቱ ይዞ እንዲመጣ በር ከፍቶለታል። ይህ በር በዓይን የሚታይ ነው። ከእነዚህ ባለ ቺፕ ጌሞች አንዱ የሆነውን የስታር ፎክስን ካሴት ገልብጦ አፉን ያየ ሰው፣ መሐል ላይ ከተደረደሩት የመዳብ ጥርሶች ሌላ በግራና በቀኝ ለብቻቸው የቆሙ አጫጭር ረድፎችን ያገኛል፤ በተራ ካሴት ላይ እነዚህ ጥርሶች የሉም። ማሽኑ ካሉት 62 መገናኛዎች 16ቱ በእነዚህ ጠርዞች ላይ የተመደቡ ሲሆኑ፣ እንደ ስታር ፎክስ ባለ ካሴት ውስጥ ያለው ተጨማሪ ቺፕ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በእነሱም ጭምር ነው። እንደ እኔ ግምት ብልህ መፍትሔ ነበር፤ ለቺፑ የሚከፍለው ያንን ጌም የፈለገ ሰው ብቻ ነው።

ከቺፖቹ ቀዳሚው ዲኤስፒ-1 በ1990 ከፓይለትዊንግስ፣ በ1992 ደግሞ ከሱፐር ማሪዮ ካርት ጋር ወጥቶ፣ መንገድና ሜዳ ሲሽከረከር የሚያስፈልገውን የትሪጎኖሜትሪ ስሌት ይሠራ ነበር። ኤስኤ-1 የዋናው ፕሮሰሰር ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ በ10.74 ሜጋኸርዝ እየሮጠ በ1996 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ አርፒጂን ተሸክሟል። ከሁሉም ስመ ጥሩ የእንግሊዙ አርጎናት ኩባንያ የነደፈው ሱፐር ኤፍኤክስ ሲሆን፣ በ1993 በስታር ፎክስ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል አሳየ፤ ሁለተኛው ትውልዱ ወደ 21 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ በ1995 ዮሺስ አይላንድንና ዱምን አንቀሳቅሷል። ሴጋ የተባለው ኩባንያም በ1994 ለራሱ ማሽን ለሜጋ ድራይቭ ቨርቹዋ ሬሲንግን ኤስቪፒ ከተባለ ቺፕ ጋር አወጣ፤ ቺፑ ከዚያ በኋላ በሌላ ጌም ላይ አልታየም።

አንድ ሰው ስልኩ ከሱፐር ኒንቴንዶ በመቶዎች እጥፍ ይፈጥናል ብሎ ቢገረም ትክክል ነው፤ ሆኖም ፍጥነት ብቻውን ነገሩን አይፈታም። የድሮው ቺፕ አንድ ትእዛዝ በኢሙሌተር ሲተረጎም የአዲሱን ፕሮሰሰር በርካታ ትእዛዞች ይበላል። ከዚህም በላይ ሱፐር ኤፍኤክስ ምስሉን ነጥብ በነጥብ ካሴቱ ውስጥ ባለ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ሲስል ዋናው ፕሮሰሰር ያንኑ ራም ሊነካ አይችልም፤ አንዱ እስኪለቅ ሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ በአንድ ከሰል ምድጃ ላይ ጀበናውንና ድስቱን እያፈራረቀ እንደሚጥድ ሰው፣ አንዱን ጥቂት አስኬዶ ያቆምና ወደ ሌላው ይዞራል። ቶሎ ቶሎ ባፈራረቀ ቁጥር ለእውነተኛው ማሽን ይቀርባል፣ በዚያው ልክም ይንቀራፈፋል። ስልኩ ስምንት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያሰሉ ስምንት የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ ቢኖረው ብዙም አይጠቅመውም፣ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ሥራዎችን ለሁለት መክፈል አስቸጋሪ ነውና። ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ምስል ከ17 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት።

ቺፑን የማስመሰያ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ቺፑ የሚሰጠውን ውጤት ብቻ አይቶ በአጭር መንገድ እዚያው መድረስ ነው፤ ይህ ቀላልና ለደካማ መሣሪያ የሚስማማ ቢሆንም ግምት ያለበት ቦታ ላይ ይሳሳታል። ሁለተኛው የቺፑን የውስጥ ፕሮግራም ራሱን ማስኬድ ነው። ዲኤስፒ-1ን የመሳሰሉት ግን ፕሮግራማቸውን ከውጭ እንዲያነቡት አይፈቅዱም፤ ስለዚህ አድናቂዎች የቺፖቹን ሽፋን በአሲድ አቅልጠው፣ ውስጡን በማይክሮስኮፕ እያዩ ፕሮግራሙን እስከ ማንበብ ደርሰዋል። ስታር ኦሽን የተባለው ጌም የተጠቀመበትና ምስሎችን ከታመቁበት የሚዘረጋው ኤስ-ዲዲ1 አሠራሩ እስኪታወቅ ድረስ ደግሞ፣ ተጫዋቹ የተዘረጉትን ምስሎች በተለየ ፋይል ከጌሙ ጋር አብሮ መያዝ ነበረበት።

በተግባር የመሣሪያው ዓይነት ብዙ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የእጅ ጌም መሣሪያ ፒኤስፒ በ333 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ ተራ የሱፐር ኒንቴንዶ ጌሞችን ሲያጫውት በሱፐር ኤፍኤክስ ላይ ይደክማል። ባለ 1.2 ጊጋኸርዝ ሚዩ ሚኒ የተባለው ትንሽ የእጅ ጌም መሣሪያ ወይም መካከለኛ የአንድሮይድ ስልክ የተሻለ ነው። ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ ላይ የያዘው ሬትሮአርክ የተባለው ፕሮግራም የሱፐር ኒንቴንዶ ኢሙሌተር የሆነውን ስናይን-ኤክስን በበርካታ ዘመን ቅጂዎች የሚያቀርበው ለዚህ ነው፤ የ2002ቱ ቅጂ ለደካማ መሣሪያ ይቀላል፣ አዲሱ ደግሞ ለእውነተኛው ማሽን ይቀርባል። ምስል እየዘለሉ ማጫወት መንቀራፈፉን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፣ የባትሪውን ፍጆታም ያን ያህል አይቀንስም፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአንጻሩ ጉልበት የተረፈው ስልክ የሱፐር ኤፍኤክስን ፍጥነት ከተፈጥሮው በላይ ከፍ አድርጎ ስታር ፎክስን ከቴሌቪዥኑ ዘመን ይልቅ ለስላሳ ሊያደርገው ይችላል። የጌሞቹ ፋይል ግን የባለቤትነት መብት ያለበት ሥራ መሆኑ አይረሳ፤ የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል።

የኪስ ጌሞች ካሴትም የራሱ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለኒንቴንዶ የኪስ ማሽን ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣው ቦክታይ የተባለ ጌም ካሴቱ ላይ የፀሐይ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ነበረው፤ በኢሙሌተር ግን ፀሐዩ በቁልፍ ይጨመራል ይቀነሳል፣ ይህም ሐምሌ ላይ ጅማ ለሚጫወት ሰው ከዋናው ካሴት ይሻለዋል። ፖኬሞን ጎልድ ደግሞ በካሴቱ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ይዞ ቀንና ሌሊትን ይለያል። የመጀመሪያው ሚዩ ሚኒ ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት ስለሌለው ጌሙ ውስጥ ያለው ጊዜም አብሮ ይቆማል። በስልክ ሰዓቱ ቢሠራም፣ ጌሙ ሲጀምር ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሲጠይቀው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በእኛ አቆጣጠር 6 ብሎ የሞላ ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ ገና የነጋ ጧት ይገጥመዋል።