«ሐና ሆይ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና የተደረገላትን እህት ስንጠይቅ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው፤ ተመስገን በይ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ እውነት ነው። እርሷ ግን ልብሷን ስትቀይር መስታወት የምትሸሽ፣ ባለቤቷ ጠባሳዋን እንዳያይ መብራት የምታጠፋ ልትሆን ትችላለች፤ እንዲህ ሲባልም ማዘኗን እንደ ምስጋና ቢስነት ስለምትቆጥረው፣ በኀዘኗ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርባታል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ሕልቃና ሐናን ይወዳት እንደ ነበር ተጽፏል። ሆኖም ልጅ በማጣቷ ስታለቅስና እህል አልቀምስ ስትል «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?» አላት፤ ያላትን ቆጥሮ ያጣችውን ሊያስረሳት ፈለገ። ካህኑ ዔሊም ስትጸልይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋን ስላልሰማ ሰካራም መሰለችው። ልብ በሉ፣ አንዱ የሚወዳት ባሏ፣ ሌላው የእግዚአብሔር ካህን ነው!

ያልወለዱትን እንኳ «የጡት ልጅ» ብለን የምንዛመድ ሕዝብ ስለሆንን፣ ጡት ለእኛ የአካል ስም ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ለቅሶ ደርሰን ያለ ብዙ ንግግር አብረን መቀመጥን እናውቅበታለን፤ አካሏን ላጣች እህት ግን ድንኳን አይተከልም። ስለዚህ ከምክር በፊት እንቀመጥላት። የብብቷ የሊምፍ እጢዎች ተወስደው ከሆነ ክንዷ ሊያብጥ ስለሚችል፣ የውኃ ጀሪካኗን መሸከም በእኔ እይታ ከረጅም ስብከት ይበልጣል።

አንቺም እህቴ፣ ሐና «ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ» እንዳለች፣ የተቆረጠውን በስሙ ጠርተሽ በፊቱ አልቅሺ፤ በመጽሐፉ እንባዋ እንደ አለማመን አልተቆጠረባትም። ከዚያ በኋላ «ሄደች፣ በላችም» ይላል፤ ፊቷም ከእንግዲህ አዘንተኛ መስሎ አልታየም። በኋላ የወለደችው ልጇ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም፤ ሰውነቷም ያው የትናንቱ ነበር። ምግብና እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ካሉሽ፣ ወይም መኖር ከንቱ ከመሰለሽ፣ ይህን ለሐኪምሽ ሳትሸሽጊ ንገሪው፤ ሐናም ዔሊ ሲሳሳት ዝም አላለችም፤ «አይደለም ጌታዬ፣ ልቧ ያዘነባት ሴት ነኝ» ብላ አስረዳችው፤ እርሱም ሰምቶ ባረካት።