ሙቀት የማያመጣው ለውጥ፦ ስስ ሱፐርኮንዳክተሮች እና የኳንተም ሁነት ሽግግር

ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል 92 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወደ 94 ይጠጋል። ልዩነቱን ያመጣው የአየር ግፊት ነው። ቁስ ሁነቱን የሚቀይረው በሙቀት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የኳንተም ሁነት ሽግግር ደግሞ ሙቀትን ጭራሽ ከጨዋታ ያስወጣዋል። ቦታው ፍጹም ዜሮ ነው፤ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ። እዚያ የሙቀት ንዝረት ይቆማል፣ የኳንተም ንዝረት፣ ማለትም የአቶም ዓለም ሕግ ራሱ የሚያመጣው መነቃነቅ፣ ግን አይቆምም። ለውጡን የሚያመጣው ማግኔት፣ የቁሱ ውፍረት ወይም የኤሌክትሮኖች ብዛት ነው።

ሱፐርኮንዳክተር ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚገታ እንቅፋት) ያሳልፋል። የፊዚክስ ሊቁ ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ይህን በሜርኩሪ ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ቁሱ እጅግ ሲሳሳ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ1989 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች ቢስሙዝ የተባለውን ብረት በስሱ እየደራረቡ ለኩት። ስስ ሲሆን ኤሌክትሪክ አላሳልፍም አለ፤ ትንሽ ሲወፍር ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ድንበሩ ላይ ሬዚስታንሱ 6,450 ኦም አካባቢ ነበር። ይህ ቁጥር ከፕላንክ ቋሚ (የኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ቁጥር) እና ከኤሌክትሮን ቻርጅ ብቻ ይሰላል፤ ቢስሙዝ የሚባል ነገር ስሌቱ ውስጥ የለም። ለእኔ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ውበት እዚህ ጋ ነው።

በስስ ቁስ ውስጥ ሱፐርኮንዳክተሩን የሚያፈርሱት የኤሌክትሮን አዙሪቶች ናቸው። ቀዝቃዛ ሲሆን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታሰራሉ፤ ሲሞቅ ይፈታሉ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኮስተርሊትዝ እና ታውለስ ይህን በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስረድተው፣ በ2016 ከሥራ ባልደረባቸው ከሃልዴን ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

በ2024 ደግሞ ፕሪንስተን ያሉ ተመራማሪዎች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የተጠቀሙበት ታንግስተን ዳይቴሉራይድ የተባለ ክሪስታል አንድ ንብርብር ውፍረቱ ሦስት አቶም ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖቹን በቮልቴጅ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። አንዱን ጎን ትንሽ ሲያሞቁት አዙሪቶቹ ይንሸራተቱና በጎን በኩል ቮልቴጅ ይፈጥራሉ። ኤሌክትሮኖቹ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ከሚጠፋበት ወሳኝ መጠን በታች ሲወርዱ ይህ ምልክት ቀስ በቀስ ይደበዝዛል ተብሎ ነበር። እሱ ግን ድንገት ድርግም አለ! የተለመደው ቲዎሪ ይህን አያብራራም።

ሙከራው በሂሊየም የሚሠራ ውድ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የአዙሪቶቹ ስሌት ግን ይህን ያህል አያስወጣም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የፊዚክስ ተማሪ፣ መብራት ካልጠፋበት፣ ጥንዶቹ ሲፈቱ በላፕቶፑ ላይ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማየት ይችላል።